ጥሩ ካርታ ይዞ መነሣት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ከቡናችሁ ጋር ብታነቡት ይሻላል።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የፈረስ ቀን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚህ ዕለት ነው። በዓድዋና በአምስት ዓመቱ የጣሊያን ወረራ ዘመን የዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰቡበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓሉን አይቼ ወደ ዳንግላ ስመለስ፣ አዲስ ቅዳም አጠገብ ካሉት አጎቴ ቤት አደርኩ። በዚያች አንድ ማታ ሁለት ክርክር ሰማሁ። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያው የወጣቶቹ ክርክር ነበር። የፈረሱ ወሬ ዓድዋን አስነሣ፤ ዓድዋም የተለመደውን ጥያቄ ጎትቶ አመጣ። «አጼ ምኒልክ ያን ሁሉ ድል ይዘው ለምን መረብን አልተሻገሩም?» አንዱ ይወቅሳል፣ ሌላው ይሟገታል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ጠላው ይቀዳል። የዚህን ክርክር መልክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አጎቴ ሲያዳምጡ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸን ተዉትና የእኔን ንገረኝ። ዲከረንሱን ልቁረጠው ወይስ ልጠብቀው?»

አጎቴ አራት ቃዳ የሚሆን ማሳ ላይ ዲከረንስ ነበራቸው። ዛፉ ሦስት ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ለማክሰል አስበዋል። ከዚያ በፊት ሁለት ዙር ሸጠዋል፤ በአንዱ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ በሌላው ልጃቸው ኮሌጅ ገባች። አሁን ግን በማሳው አንድ ጥግ ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር አይተዋል። ጎረቤታቸው ገና በለጋነቱ ቆርጦ ድንች ሊተክልበት ነው፤ መንደሩም እየሳቀበት ነው።

እኔም ሳላስብ መለስኩ። «ጋሼ፣ ይጠብቁ እንጂ! ይህን የመሰለ ዛፍ ገና በሦስት ዓመቱ ማን ይቆርጣል?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች መልሴ ምክንያት ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ የማይጠበቅ ነገር ነው፤ የካርታ ጨዋታ። ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ አንድ ጓደኛዬ ፖከር አስተማረኝ። የምንጫወተው በክብሪት እንጨት ነው። ቁማርን ላወድስ አልመጣሁም፤ በውርርድ ቤት ደጃፍ የደመወዙን ወረቀት ይዞ የሚቆመውን ወጣት ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ፖከር በጠረጴዛ ዙሪያ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱት፣ ስለ ሰው ልጅ ውሳኔ የሚናገረው አለ።

ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል። መሃል ላይ ደግሞ ለሁሉም የጋራ የሚሆኑ አምስት ካርታዎች በየተራ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። በየመካከሉ ተጫዋቹ ሦስት ምርጫ አለው፤ ሌላው የመደበውን ያህል መመደብ፣ ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ካርታውን ጥሎ መውጣት። ጥሎ የወጣ ሰው እስከዚያ የመደበውን ያጣል፤ የቀረው ግን በእጁ ነው።

መጥፎ ካርታ መጣል ማንም ይችላል። ጓደኛዬ እንደነገረኝ ተጫዋች የሚለየው ጥሩ ካርታ መጣል ላይ ነው። ምክንያቱን ላሳያችሁ። በመጀመሪያ ከሚሰጡት ሁለት ካርታዎች ከሁሉም የሚበልጠው ሁለት አስ ነው። አንድ ሰው ብቻ ፊት ለፊትህ ካለና እሱም ያገኘውን ይዞ እስከ መጨረሻው ከሄደ፣ ሁለት አስ ከ100 ጊዜ 85 ጊዜ ገደማ ያሸንፋል። ዘጠኝ ሰዎች አብረውህ እስከ መጨረሻ ከሄዱ ግን ይኸው ካርታ የሚያሸንፈው ከ100 ጊዜ 31 ጊዜ ገደማ ነው። ካርታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው።

ሌላ ምሳሌ። ሁለት አስህን ይዘሃል፤ መሃል ላይ 7፣ 8፣ 9 እና 10 ተገለጡ። አሁን 6 ወይም ጃክ የያዘ ማንኛውም ሰው አምስት ተከታታይ ቁጥር ስለሚሞላለት ይበልጥሃል። ማታውን ሙሉ ሲፈራና ሲጠነቀቅ ያመሸው ሰውዬ ድንገት ያለውን ሁሉ መሃል ላይ ገፋ። በእጅህ ያለውን ካየህ አሁንም ሁለት አስ ነው፤ ያምራል። ቀና ብለህ ጠረጴዛውን ካየህ ግን ተሸንፈሃል። አብዛኛው ሰው የሚከስረው በእጁ ላይ እንዳቀረቀረ ስለሚቀር ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተማርኩ።

አንደኛ፣ የካርታ ጥንካሬ የሚለካው በራሱ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ካለው ጋር ተመዛዝኖ ነው።

ሁለተኛ፣ እስካሁን የመደብከው ገንዘብ ያንተ አይደለም። «ይህን ያህል ከከፈልኩ በኋላማ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ኪስ አራግፏል። ጥያቄው አሁን የምትጨምረው ስንት ነው፣ የምታገኘውስ ስንት ነው የሚለው ብቻ ነው። መሃል ላይ 1,000 ብር ካለና ለመቀጠል 500 ብር ከተጠየቅህ፣ ቢያንስ ከሦስት ጊዜ አንዴ ማሸነፍ አለብህ። ከዚያ በታች ከሆነ ካርታው ቢያምርም መክሰርህ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚጥል ሰው የሚጥለው ገና ገንዘብ ሳለው ነው። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ጣለ አይባልም፤ አለቀበት እንጂ።

ሙግቱን ለአንድ ወገን ብቻ እንዳላደላው፣ መጣል ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነም ልንገራችሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ የፖከር የዓለም ውድድር ላይ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛና ሳሚ ፋርሃ የተባለ ዕውቅ ባለሙያ ለመጨረሻው ደርሰው ነበር። በአንዱ ዙር ፋርሃ ሁለት 9 ይዟል፤ መኒሜከር ምንም የለውም። ምንም የሌለው ሰው ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ አሰበ፣ አሰበና ጣለ። የሚያሸንፈውን ካርታ ነበር የጣለው። መኒሜከርም ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ደግሞም ሊጣል የማይችል ካርታ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. በዚሁ ውድድር ሞቶዩኪ ማቡቺ የተባለ ተጫዋች አራት አስ ይዞ ተሸንፏል። ባላጋራው በጨዋታው ከሁሉም የሚበልጠውን ድርድር ይዞ ነበር። አራት አስ የሚጥል ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ዕድል ብሎ መቀበል ነው።

እንግዲህ ሁልጊዜ ጣል የሚል ሕግ የለም፤ ሁልጊዜ ያዝ የሚል ሕግም የለም። ያለው ቀና ብሎ ማየት ነው።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ክርክር ልመለስ። ዓድዋ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም ጥሩ ካርታ ይዘዋል። አንዱ ጄኔራል ባራቲየሪ ነው። ወደ 17,000 የሚጠጋ ሠራዊት፣ 56 መድፍ፣ ምቹ ምሽግ ነበረው። ፊት ለፊቱ ያለው ወደ 100,000 የሚገመት የምኒልክ ጦር ነው። የሁለቱም ስንቅ እያለቀ ነው። የካቲት 21 ቀን 1888 ዓ.ም. ባራቲየሪ አራት ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ወደ ኋላ እንሂድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ግን ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ፈሪ የሚያሰኝ ቴሌግራም ልኮበታል፤ ጄኔራሎቹም ማፈግፈግን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ሰውዬው ሊጥለው የነበረውን ካርታ ይዞ ሁሉንም ገፋ። በሦስተኛው ቀን፣ የካቲት 23፣ ሠራዊቱ አለቀ። ከአራቱ ጄኔራሎች ሁለቱ ሞቱ፣ አንዱ ተማረከ። የክሪስፒ መንግሥትም ወደቀ።

ባራቲየሪን ያሸነፈው የምኒልክ ጦር ነው፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ወደዚያ ጠረጴዛ ጎትቶ ያስቀመጠው ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ነው።

በማግሥቱ ከሁሉም የሚበልጠው ካርታ በምኒልክ እጅ ነበር። ሊቀጥሉ ይችሉ ነበር፤ ወደ ሰሜን ያለው መንገድ ክፍት ይመስላል። እሳቸው ግን በእጃቸው ያለውን ብቻ አላዩም። ሠራዊቱ ከአገሩ ርቋል፣ ተርቧል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሙትና ቁስለኛ አለው። የክፉ ቀን ረሃብና የከብት እልቂት ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት ነው። በማዶ ደግሞ በጄኔራል ባልዲሴራ ሥር አዲስ የጣሊያን ጦር ከባሕር እየወረደ ነው። ምኒልክ ቆሙ፤ ምርኮኞቹን ይዘው ተመለሱ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሰረዘ፤ ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አወቀች። ያሸነፉትን አስከብረው ተነሡ ማለት ነው።

ታዲያ ወቃሾቹ ምንም እውነት የላቸውም? አላቸው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወረራውን የጀመረው ያንኑ መረብን ተሻግሮ ነው። ከመረብ ማዶ የቀረው ወገን የከፈለውም ዋጋ ቀላል አይደለም። ካርታ የጣለ ሰው መሃል ያለውን ምድብ ትቶ ነው የሚነሣው፤ የተወው ነገር ዕዳ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ይህን መካድ አያስፈልግም። እኔ የምኒልክን ውሳኔ ትክክል የምለው በዚያች ዕለት ይታይ በነበረው ነገር ነው። ውሳኔ የሚመዘነው ወሳኙ ሊያየው ይችል በነበረው ልክ ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ የሆነውን ይዞ መፍረድ የተገለጠ ካርታ እያዩ መጫወት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው አጎቴና ማሳቸው ትዝ ያሉኝ። ዲከረንስን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ የግራር ዘመድ ነው። ፋግታ ለኮማና አጎራባች ወረዳዎች ከገባ በኋላ ያደረገው ነገር ያስደንቃል። በዚያ ደጋ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ብሎ ነበር። ገበሬው ችግኙን ይተክልና በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ በሁለተኛው ሣሩን አጭዶ ለከብት ያውላል ወይም ይሸጣል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስላል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ አዲስ አበባ ይደርሳል። ዛፉ ናይትሮጂን ወደ አፈሩ ስለሚመልስ፣ ከሰል የከሰለበት ቦታም ስለሚሻሻል፣ ቀጣዩ ጤፍ ያምራል። ከዚያ እንደገና መትከል ነው።

በሌላው የአገሪቱ ክፍል ደን ሲመናመን ፋግታ ለኮማ ግን አረንጓዴ ሆነ፤ የሳተላይት ምስል ያጠኑ ተመራማሪዎችም መስክረውለታል። ይህን ያመጣው በአብዛኛው ራሱ ገበሬው ነው። ቤት የተሠራው፣ ልጅ የተማረው፣ ሠርግ የተደገሰው በዲከረንስ ነው። ሁለት አስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ችግሩ ሁሉም ሰው ይኸንኑ መትከሉ ነበር። ኮረብታ ለኮረብታ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ። እንዲህ ያለ ማሳ ለበሽታ የተዘረጋ ምንጣፍ ነው። ዩሮሚክላዲየም የተባለው የዝገት ፈንገስ በ2013 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ በሆነው ተክል ላይ ታይቶ ነበር። የጠረጴዛው ማዶ ሰው እጁን ማሳየት የጀመረው ያኔ ነው። ከዓመታት በኋላ ዝገቱ አዊ ደረሰ። ቅጠሉ ይዝጋል፣ ቀንበጡ ይጨማደዳል፣ ዛፉ ማደግ ያቆማል፣ ከዚያም ይደርቃል። ትላልቅ የደን ድርጅቶች በሌላ አገር መድኃኒት ይረጫሉ፤ አራት ቃዳ ያለው ገበሬ ኮረብታ ሙሉ ሊረጭ አይችልም።

እኔ ያን ማታ «ይጠብቁ» ስል ያየሁት ዛፉን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተሸጠውን ሁለት ዙር አይቻለሁ፤ ቆርቆሮውን አይቻለሁ። ጥጉ ላይ ያለውን ዝገት ግን አላየሁትም። ጎረቤቱ የሳቁበትን ሰውዬም ለምን እንደቆረጠ አልጠየቅኩትም። ስጠብቅ የሚጨመረው ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሳው ሌላ ነገር አያበቅልም። ይህን ለምን ያህል ዕድል እንደምንከፍል አላሰላሁም። ስህተቱ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ እስካሁን ያበላን ነገር ሁልጊዜ ያበላናል ብሎ ማመን።

ይህ የገበሬ ችግር ብቻ አይደለም። ገበያው ሞቅ ባለበት ጊዜ ያልሸጠ ነጋዴ፣ ደንበኛው የሸሸውን ሱቅ በብድር የሚያቆይ ባለሱቅ፣ መሸነፉን እያወቀ ክሱን ይግባኝ ለይግባኝ የሚጎትት የድንበር ተሟጋች፣ ሁሉም በአንድ ወቅት ጥሩ ካርታ ነበራቸው። ከዚህም ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ ጠመንጃና ሥልጣን ተደርድሮ፣ የሰው ሕይወት መሃል ላይ ተመድቦ የሚጫወቱም አሉ። ትናንት ያሸነፉበትን ካርታ ዛሬም ያሸንፋል ብለው፣ ወይም እንደ ባራቲየሪ ፈሪ ላለመባል ሲሉ፣ ሁሉንም ይገፋሉ። አንባቢ ይህን ወደ የትኛውም ወገን ሊወስደው ይችላል፤ አልከለክልም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመደቡት የራሳቸውን ብቻ አይደለም።

እኛ ማኅበረሰብ ሆነን መግባትን እናስተምራለን፤ መውጣትን አናስተምርም። ትከል እንላለን፣ ጀምር እንላለን፣ ግፋ እንላለን። ተው፣ አሁን ይበቃል የሚል ሰው ሲመጣ ግን ወኔ የሌለው ይመስለናል። የግብርና ባለሙያ አዲስ ዘር ይዞ ሲመጣ፣ ይህን ምልክት ካያችሁ ውጡ የሚለውን አብሮ ቢነግር ምን ነበረበት? አባት ለልጁ ሱቅ ሲከፍትለት፣ እስከዚህ ከከሰርክ ዝጋው ብሎ ቢያስማማው? የመውጫውን ምልክት መወሰን ያለብን ልባችን ሳይሞቅ፣ ገና ከመግባታችን በፊት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ካርታው እያማረ ይሄዳል።

የአጎቴን ነገር ሳልጨርስ አልለያችሁም። በቀጣዩ የበጋ ወራት ሄጄ ነበር። ከአራቱ ቃዳ ሁለቱን ቆርጠዋል። ዛፉ ቀጭን ስለነበር ከሰሉ ትንሽ ወጣው፤ ግን ተሸጧል። መሬቱ ድንች ሰጥቷል። የቀሩት ሁለት ቃዳ ላይ ያለው ዲከረንስ ግን ከሥር እስከ ጫፍ ቡናማ ሆኗል። ለማገዶ እንኳ እየተሸከሙ የሚወስዱት ጥቂት ነበሩ።

ስለ ፖከሩ ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝና፣ «በዚያ ጨዋታ ግማሹን ካርታ መጣል ይቻላል?» ብለው ጠየቁ።

«አይቻልም፤ ወይ ሁለቱንም ነው፣ ወይ ምንም» አልኳቸው።

«እንግዲያ መሬት ይሻላል» አሉ። «እኔ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ አንተም አልነበርክም። ጎረቤቴን አምኜ ግማሹን ቆረጥኩ።»

«ግማሹንስ ለምን ተዉት?»

ወደ ደረቀው ዛፍ አዩና ፈገግ አሉ። «የተማረ ሰው ጠብቅ ብሎኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምክር ስጠየቅ መጀመሪያ ማሳውን ልየው እላለሁ።

ቸር ይግጠመን!